አጎቴ ግቢ የቆመው ጂፕ፦ ለመሆኑ ጂፕን የሠራው ማን ነው?

የድሬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ግቢያቸው፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር የቆመ አሮጌ ጂፕ አላቸው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሞተሩ ተነሥቶ አያውቅም፤ ዶሮ ይታቀፍበታል። በልጅነታችን ግን መሪውን ጨብጠን ያልዞርንበት አገር የለም። አጎቴ ስለ መኪናው ሲናገሩ ቃላቸው አይለወጥም፦ «ይህ መኪና ሊቢያ በረሃ ላይ የጀርመኑን ጄኔራል ሮሜልን ያባረረ ነው። የፈለሰፈውም ዊሊስ የሚባል አሜሪካዊ ነው።» ባለፈው ሳምንት ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ ባወራው «ዊሊስ ደግሞ ምን ቤት ነው? ጂፕ የፎርድ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ጂፕን የሠራው ማን ነው? የአጎቴ መኪናስ ጦርነት አይቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ባለ መፍቻ፦
አጎትህም ባልደረባህም ተሳስተዋል። ባንታም ነው።

የድሬ ልጅ፦
ባንታም? ጋሼ፣ ስሙን እንኳን ሰምቼ አላውቅም።

ባለ መፍቻ፦
የሠራውን የተቀማ ሰው ስሙ መች ይነሣል? ብራና የት ሄደ? እሱ ይተርክልህ። የኔ እጅ መፍቻ እንጂ ብዕር አይወድም።

ብራና፦
አለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ጦር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ መልስ ያጣለት አንድ ጥያቄ ነበረው፦ መልእክተኛውና ቃፊሩ በምን ይሂድ? ፈረስ ይደክማል፣ መኖም ይፈልጋል። ጎኑ ላይ መቀመጫ ያለው ሞተር ሳይክል ጭቃ ሲያገኝ ይቀራል። የጭነት መኪና ደግሞ ከሩቅ ይታያል። በ1937 ፎርት ቤኒንግ ውስጥ ካፒቴን ሮበርት ሃዊ ከአንድ ሻምበል ባሻ ጋር ሆኖ የሚያስቅ ነገር ሠራ፤ ሁለት ወታደሮች በሆዳቸው ተኝተው የሚነዱት፣ መትረየስ የተጠመደበት፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ የማይል ጋሪ። ባሌስትራ አልነበረውም። ጉድጓድ ሲያገኝ የነጂው ሆድ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ነገር ግን ዝቅ ያለና ቀላል ነገር እንደሚያዋጣ ጦሩ ከዚያ ተማረ።

በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ዋሽንግተን ደነገጠች። ጁላይ 11 ቀን ጦሩ ለ135 ኩባንያዎች ጨረታ በተነ። የፈለገው በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ክብደቱ 590 ኪሎ ግራም የማይሞላ፣ ሰውና መሣሪያ ተደምሮ 270 ኪሎ ግራም የሚሸከም መኪና ነው። የጨረታው መዝጊያ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ጁላይ 22 ነበር። ያሸነፈው የመጀመሪያውን ናሙና በ49 ቀን፣ የታዘዙትን ሰባ መኪኖችም በ75 ቀን ውስጥ ማስረከብ አለበት። ከ135ቱ ውስጥ መልስ የሰጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ባንታምና ዊሊስ ኦቨርላንድ።

ባንታም በፔንሲልቫኒያ በትለር ከተማ የነበረ፣ የእንግሊዙን ትንሹን ኦስቲን እየሠራ ሲከስር ሲነሣ የኖረ ድርጅት ነው። በዚያ ጊዜ የሚከፍለው ገንዘብ ቀርቶ ንድፍ የሚያወጣለት መሐንዲስ እንኳን አልነበረውም። ስለዚህ ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ከዲትሮይት ጠሩ፤ ጨረታውን ካላሸነፍን ደመወዝ የለህም አሉት። መጀመሪያ አመነታ፣ በኋላ መጣ። በሁለት ቀን ገደማ ንድፉን ጨረሰ። ቅጹ ላይ ከ590 ኪሎ በታች ብለው ሞሉት። ያ ክብደት የማይቻል መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር። ለሰባዎቹ መኪኖች የጠየቁት ዋጋ 171,185 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ዊሊስ በዋጋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በ49 ቀን አደርሳለሁ ብሎ ግን መማል አልቻለም። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚቆረጠው 5 ዶላር በዋጋው ላይ ሲደመር ተሸነፈ።

ቀጣዩን ነገ።

ሰብለ፦
ሙሉ መኪና ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ በ49 ቀን? እኔ ቦሎ ለማሳደስ ከዚያ በላይ ተመላልሻለሁ።

ባለ መፍቻ፦
እህቴ፣ አንቺ የሄድሽበት ቦታ ለዘገየበት ቀን 5 ዶላር ቢቆረጥበት በማግስቱ ትጨርሺ ነበር።

የቮልስ ሰው፦
ብራና እስኪመለስ አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም ዓለም በባንታም የተጀመረ አስመሰላችሁት። ጀርመኖች በ1940 መጀመሪያ ላይ ኩበልዋገን የተባለውን ቀላል የጦር መኪና በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀምረው ነበር። የሞተሩ ወንድም እኔ ዛሬም የምነዳው ቮልስ ውስጥ አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ራዲያተር የለው፣ ውሃ አይፈላ፣ ሩሲያ ውስጥ በረዶ አይሆን፣ ሊቢያ ውስጥ አይጠማ። ክብደቱ 725 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሆዱ ለጥ ያለ ስለሆነ አሸዋና ጭቃ ላይ እንደ ጀልባ ይንሸራተታል።

ባለ መፍቻ፦
የፊት ጎማው ይነዳል?

የቮልስ ሰው፦
አይነዳም። ግን አያስፈልገውም ነበር። ዲፈረንሻሉ አንዱ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ኃይሉን ለሌላው የሚሰጥ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው። የኋላ ጎማዎቹ ላይም አክስሉን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ጥርስ ስላለ ከመሬት ይነሣል። በ25 የፈረስ ጉልበት ይህን ሁሉ መሥራት ጥበብ ነው እንጂ ድህነት አይደለም።

ባለ መፍቻ፦
ጥበብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ቁጥር ቁጠር። ኩበልዋገን በጠቅላላው 50,000 ገደማ ተሠራ። ጂፕ ከ600,000 በላይ። አሜሪካ ለሩሲያ ብቻ የላከችው ጂፕ ጀርመን በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከሠራችው ኩበልዋገን ጋር ይተካከላል። ዳገት ላይ ሁለት መኪና ቢሰለፍ እኔ የፊት ጎማው የሚስበውን እመርጣለሁ፤ አንተ ጥበብህን ይዘህ ከኋላ ትገፋለህ።

ከሻርጃ፦
ጃፓኖችን አትርሷቸው። ኩሮጋኔ የተባለው ትንሽ መኪና በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ባንታም ሳይታሰብ፣ በአራቱም ጎማ እየተነዳ ቻይና ውስጥ ለጦሩ ያገለግል ነበር። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደር፣ እሱም በአየር የሚቀዘቅዝ። ከ4,700 በላይ ተሠርቷል።

ጣርማበር፦
የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ ሆኖም መኪና እንዴት እንደሚያልፍ ሳይሆን እንዴት እንደሚቆም ያሳየች ሆና ነው። በ1936 ኤፕሪል መጨረሻ የጣሊያኑ ጄኔራል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነው። ለጋዜጠኞቹ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው አስጻፉለት። ጣርማበር ላይ ሲደርሱ መንገዱ ፈርሶ ጠበቃቸው። ያን ሁሉ ካሚዮን ዳገቱ ሥር አቁመው በአካፋና በዶማ መንገድ ሲጠግኑ ከረሙ። ዝናብም ነበር። በዚህ መካከል በእግራቸው በሌላ መንገድ የሄዱት የኤርትራ ባታሊዮኖች ቀድመው የከተማዋ ዳር ደርሰው፣ ጄኔራሉ በመኪና መጥቶ እንዲገባ ይጠብቁ ነበር። ባዶሊዮ የገባው ሜይ 5 ቀን ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.።

እንግዲህ 1,700 መኪና በባዶ እግር ሲቀደም ማለት ይህ ነው። አብዛኞቹ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዱ የጭነት መኪኖች ነበሩ። አሜሪካኖቹ ከአራት ዓመት በኋላ ለምን አራት ጎማ አራት ጎማ እንዳሉ ለመረዳት ክረምት ሲገባ ጣርማበር ላይ መቆም ይበቃል።

ሰብለ፦
አያቴ የደብረ ሲና ሰው ነበሩ። «ጣሊያን መንገድ ሠሪ የሆነው እኛ አገር ተቸንክሮ ስለቀረ ነው» ይሉ ነበር። አሁን ገባኝ።

ብራና፦
ተመለስኩ። ጣርማበር ያነሣው ነገር ለኔም ወሬ መግቢያ ይሆናል፤ አራት ጎማ መንዳት ራሱ አዲስ አልነበረምና። በ1913 ዊስኮንሲን ውስጥ የተጀመረው ጄፈሪ ኳድ የሚባል የጭነት መኪና በአራቱም ጎማ ይነዳ፣ በአራቱም ጎማ ይታጠፍ ነበር። ጄኔራል ፐርሺንግ በ1916 አማጺውን ፓንቾ ቪያን ፍለጋ ሜክሲኮ ሲገባ ተጠቅሞበታል። ችግሩ እነዚያ ግዙፎች መሆናቸው ነው። በ1940 ከባዱ ጥያቄ ያንን ሁሉ ጥርስና ዘንግ ሁለት ሦስት ወታደር ገፍቶ ከቦይ ሊያወጣው በሚችል መኪና ውስጥ እንዴት እንጨምረው የሚለው ነበር።

ባንታም ውስጥ መልሱ ከየቦታው ተለቃቀመ። ሞተሩ ከኮንቲኔንታል ተገዛ። አክስሉንና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ሳጥን ስፓይሰር ሠራላቸው፤ የዲፈረንሻሉ መነሻ የስቱድቤከር የቤት መኪና ነው። ሃሮልድ ክሪስት የሚባለው የፋብሪካው ኃላፊ አካሉን በእጅ እየቀጠቀጠ አወጣው። ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ የመጨረሻው ቀን፣ ፕሮብስትና ክሪስት መኪናውን ራሳቸው እየነዱ ከበትለር ወደ ሜሪላንድ ካምፕ ሆላበርድ ሄዱ። ሞተሩ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ በእርጋታ ነዱት፤ ሰዓቱ ሲገፋ እርጋታው ቀረ። የማስረከቢያው ሰዓት ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የደረሱት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ክብደቱ ከተባለው በላይ ከ800 ኪሎ አልፎ ነበር። ፕሮብስት በኋላ እንደተረከው፣ መኮንኖቹ ስለ ክብደቱ ሲያጉረመርሙ አንድ ግዙፍ የፈረሰኛ ጄኔራል ሄዶ የመኪናውን የኋላ ጫፍ ብቻውን ከመሬት አነሣው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክፍል ልግባ። መኪናው ሲፈተን የዊሊስና የፎርድ ሰዎች ሜዳው ላይ ነበሩ። ሥሩ ገብተው አዩት፣ ለኩት። ጦሩም ንድፉን አሳለፈላቸው፤ ባንታም ትንሽ ነው፣ የሚያስፈልገኝን ያህል ሊያመርት አይችልም የሚል ምክንያት ነበረው። በኖቬምበር ሁለቱም የየራሳቸውን ናሙና ይዘው መጡ። መጀመሪያ ለሦስቱም 1,500፣ 1,500 መኪና ታዘዘ። በ1941 ጁላይ ግን የ16,000ው ትልቅ ውል ለዊሊስ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎርድ የዊሊስን ንድፍ እንዲሠራ ተጨመረ። ባንታም ሦስት ሺህ እንኳን ሳይሞላ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሥራ ከጂፕ ኋላ የሚጎተተውን ተጎታች ማምረት ነው። ልጁን ቀምተው ገመዱን እንዲጎትት አደረጉት።

ባለ መፍቻ፦
ብራና፣ ትረካህ ልብ ይነካል፤ ግን አሁን ከኔ ጋር ትጣላለህ። ባንታም አባቱ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልመለስም። ሆኖም ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታሁ ሰው ነኝና ለዊሊስም የሚገባውን ልስጥ።

የባንታም ሞተር 45 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። የፎርዱም ከትራክተር የመጣ፣ እሱም ከዚያ የማይርቅ። የዊሊስ ዋና መሐንዲስ ባርኒ ሩስ ግን የድርጅቱን አሮጌ ሞተር ወስዶ ለዓመታት ሲያጠናክረው ቆይቶ 60 የፈረስ ጉልበት አደረሰው። 2.2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቫልቮቹ በጎን። የፒስተኑ ጉዞ ከሲሊንደሩ ስፋት በጣም ይበልጣል፤ 79 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 111 ሚሊ ሜትር ጉዞ። ይህ ምን ማለት ነው? ሞተሩ ሳይጮህ፣ ገና በ2,000 ዙር ሙሉ የማዞር ኃይሉን ይሰጥሃል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ሳታቃጥል በዝግታ ትወጣለህ። የጭመቃው መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ መናኛ ቤንዚንም ይጠጣል። የጦር ሜዳ ቤንዚን ደግሞ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል።

ታዲያ የዊሊስ ናሙና ከተፈቀደው ክብደት ከ100 ኪሎ በላይ ከብዶ ተገኘ። የክብደቱ ጣሪያ በዚያ ጊዜ ወደ 980 ኪሎ ከፍ ብሎ ነበር፤ እሱንም አለፈ። ሩስ ቀላል ሞተር ማስገባት ይችል ነበር። አላደረገውም። መኪናውን ፈትቶ እያንዳንዷን ዕቃ መዘነ። ብሎኑ ከነቱ አልፎ የወጣ ከሆነ ተቆረጠ። ብረቱ ሊሳሳ የሚችልበት ቦታ ሳሳ። ቀለሙ እንኳን ተመዝኖ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቀባ ሆነ። ሞተሩን ለማዳን ሲል ቀለም የቆጠበ መሐንዲስ ሌባ ተብሎ ሲጠራ አልወድም።

ብራና፦
ሌባ አላልኩም፤ ቀማኛው ጦሩ ነው። ደግሞም ዊሊስ በጦርነቱ ጊዜ «ጂፕን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» እያለ ማስታወቂያ ሲያሳትም የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከሰሰው፤ በ1948 ሐሳቡ የባንታምና የጥቂት የጦር መኮንኖች ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ሲመጣ ባንታም መኪና መሥራት ካቆመ ቆይቶ ነበር። በ1950 ዊሊስ «ጂፕ» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ፍርዱን ያገኘው አንዱ፣ ስሙን የወሰደው ሌላው።

ሰብለ፦
ስሙስ ከየት መጣ? ከሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከጂ እና ከፒ፣ ሲባል ሰምቻለሁ።

ብራና፦
ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል። ጂ ፒ የፎርድ ናሙና መለያ ነበር፤ ጂ የመንግሥት ሥራ ማለት ሲሆን ፒ ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 80 ኢንች ርቀት ያለው መኪና መለያ ነው። «ለሁሉም አገልግሎት» የሚለው ፍቺ በኋላ የተለጠፈ ነው። ከዚያ በፊት በፖፓይ የሥዕል ታሪክ ውስጥ በ1936 የመጣ ጂፕ የሚባል ተአምረኛ እንስሳ ነበር፤ ወታደሮቹም ቃሉን ለልዩ ልዩ ነገር ይጠሩበት ነበር። በ1941 መጀመሪያ የዊሊስ መኪና የኮንግረሱን ሕንጻ ደረጃ ሲወጣ ለጋዜጠኞች ታየ፤ ከዚያ ስሙ በጋዜጣ ተሰራጨ።

ዋዝ ነጂ፦
ሩሲያዎቹስ? እኔ በወታደርነቴ ዘመን ዋዝ ነድቻለሁና ዝም ማለት አልችልም። በ1941 ግራቼቭ የሚባለው መሐንዲሳቸው የባንታምን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ጋዝ 64ን ነደፈ። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ጠባብ ስለነበር መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ መገልበጥ ይወድ ነበር። በ1943 አሰፉትና ጋዝ 67 ሆነ። ከዚያ ጋዝ 69 በ1953፣ ከዚያ እኛ አገር በደርግ ዘመን የተሞላው ዋዝ። ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል፣ ግን በጠጠርም በቀበቶም በሽቦም ጠግነህ ቤትህ ትደርሳለህ። ዋዝን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጬዋለሁ፤ ጥፋቱም የኔ ነው፤ ባቄላ እየበላሁ ነበር የምነዳው።

ከሻርጃ፦
ለኔ የዚህ ሁሉ ልጅ ላንድ ክሩዘር ነው። በ1951 የኮሪያ ጦርነት ሲፋፋም ቶዮታ ለጃፓን ተጠባባቂ ፖሊስ ጂፕ መሰል መኪና ሠራ። 3.4 ሊትር የጭነት መኪና ሞተር ገጠመበትና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ አስወጣው። ውሉን ግን የዊሊስን ጂፕ በፈቃድ የሚገጣጥመው ሚትሱቢሺ ወሰደው። ተሸናፊው ዛሬ የት እንዳለ እዚህ በረሃ ላይ በየዓርቡ አያለሁ።

ጣርማበር፦
እዚያው ኮሪያ ውስጥ በዚያው በ1951 የቃኘው ሻለቃ ልጆች በአሜሪካኖቹ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ገብተው በአሜሪካ መሣሪያና ተሽከርካሪ ይዋጉ ነበር። የአጎትህ ጂፕ ከሊቢያ ይልቅ ከዚያ ዘመን ጋር የሚዛመድ ነገር ይኖረው ይሆናል።

የድሬ ልጅ፦
ጦርነቱን ጨረሳችሁ፤ መኪናዬን ግን ረሳችሁት።

ባለ መፍቻ፦
እውነትህን ነው። ነገ ጠዋት ወደ አጎትህ ዘንድ ሂድና እነዚህን ተመልከት።

በመጀመሪያ ሥሩ ግባ፤ ዶሮዎቹን አስፈቅደህ። ሻንሲውን ከፊት በኩል፣ ከራዲያተሩ ሥር የሚያገናኘው ብረት ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው፤ አራት ማዕዘን ከሆነ ፎርድ።

ቤንዚን የሚሞላበትን ፈልግ። በጦርነቱ ጊዜ የተሠራው ጂፕ ታንከሩ ሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው፤ ለመሙላት ወንበሩን ማንሣት አለብህ። ሾፌሩ ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ይዋጋ ነበር ማለት ነው። ከውጭ በጎን የሚሞላ ከሆነ በ1945 ለገበሬ ተብሎ የወጣው ነው።

የፊት መብራቱን በእጅህ ሞክረው። የጦሩ ከሆነ ኮፈኑን ስትከፍት መብራቱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሞተሩን ያበራል፤ ሌሊት ለሚጠግን ሰው የታሰበ ነው። የኋላ በርም ተመልከት፤ የጦሩ የለውም።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ፊቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች መቁጠር ነው። ያንን ከአንድ ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ፊት ያመጣው ፎርድ ስለሆነ ባልደረባህ በዚህ ይጽናና። ዘጠኝ ከሆኑ መኪናው የጦርነቱ ነው። ሰባት ከሆኑ አይደለም።

የቮልስ ሰው፦
ኩበልዋገን ቢሆን ፊቱ ላይ የሚቆጠር ቀዳዳ አይኖረውም ነበር። ራዲያተር የለውማ።

ባለ መፍቻ፦
አንተ ደግሞ አትተወንም።

የድሬ ልጅ፦
ሄድኩ። ሥሩ ያለው ብረት ክብ ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ዊሊስ። እስከዚህ አጎቴ ልክ ናቸው። ቤንዚኑ ግን በጎን ከውጭ ነው የሚሞላው። የኋላ በር አለው፤ ዶሮዎቹ የሚወጡትም በእሱ ነው። መብራቱ አይገለበጥም። ቀዳዳዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው።

አጎቴ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። ምን እንደምቆጥር ጠየቁኝ፤ ዘጠኝ ሊሆኑ ይገባ እንደነበር ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሁለቱ ሊቢያ ቀርተዋል» አሉኝ።

ባለ መፍቻ፦
ጋሼን ከኔ ሰላም በልልኝ። አንተ ደግሞ የካርቡራተሩን ፎቶግራፍ ላክልኝ፤ ያ ሞተር መነሣቱ አይቀርም።